አባቴና የአቆስጣ ግልገሎች

አባቴን ስትሮክ የመታው በጥር ወር፣ ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት፤ አንደበቱም ተያዘ። ከሆስፒታል ስንወጣ የቀሩት ቃላት አራት ነበሩ፤ «እሺ»፣ «የለም»፣ «ውሃ» እና የእናቴ ስም። እናቴ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል። እኔን ሲፈልግ በሷ ስም ይጠራኝ ጀመር፤ እኔም ማረም ትቼ አቤት እል ነበር።

የምንኖረው ቃሊቲ ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከማረሚያ ቤቱ ብዙም በማይርቅ ሰፈር። ቤቱን አባቴ ራሱ ነው ያሠራው፣ በድሮው ባቡር ሜካኒክ ሆኖ አቃቂ ጣቢያ ሲሠራ። ሁለት ክፍል፣ አንድ የብረት በር፣ ጥቅጥቅ ያለ ፌሮ የተበየደባቸው ሁለት መስኮቶች። «ሌባ ዝንብ ካልሆነ በቀር እዚህ ቤት አይገባም» እያለ ይኮራበት ነበር። ስለ መውጣት ያሰበ ሰው አልነበረም።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። መጀመሪያ የአንድ ወር ፈቃድ ወሰድኩ፣ ከዚያ የመንፈቅ፤ በመጨረሻም ክፍሌን ለሌላ ሰው ሰጡት። አንድ ታላቅ እህት አለችኝ። አዳማ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች፣ ሦስት ልጆች አሏት። በየምሽቱ ትደውላለች። «እንዴት ዋለ?» ትላለች። «ደህና» እላለሁ። ንግግራችን ከዚህ ብዙም አይረዝምም ነበር።

ሰው ሲታመም የቤቱ ስፋት ይቀየራል። መጀመሪያ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነበረብኝ፤ ስለዚህ ዓለሜ ከአልጋው እስከ ግቢው በር ሆነ። በግንቦት ግድግዳ ይዞ መቆም ሲጀምር ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ለእኔ ግን የባሰው ያን ጊዜ ነው፤ መቆም ሲችል መውደቅም ቻለ። አንድ ቀን ከሰፈራችን ሱቅ ሳሙና ልገዛ ወጥቼ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። ሮጬ ወጣሁ። አስፋልቱ ዳር፣ ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ አቅፎ ቆሟል። ጎረቤታችን ከኋላው ቀሚሳቸውን ሰብስበው በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

እኚህን ጎረቤት እትዬ ነው የምላቸው። ማረሚያ ቤቱ አካባቢ ትንሽ ኪዮስክ አላቸው። ለጥየቃ የሚመጣ ሰው ስልኩንና ቦርሳውን እሳቸው ዘንድ አስቀምጦ ይገባል፤ ሲወጣ ሻይ ጠጥቶ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ያን ቀን አባቴን ደግፈን ስናስገባው «ሰው አስቀምጪለት እንጂ» አሉኝ። እሺ አልኩ። የማስቀምጠው ሰው ግን አልነበረኝም። በማግስቱ ጓጉንቸር ገዛሁ።

መጀመሪያ ለመድኃኒት ቤት ብቻ ነበር። ከዚያ ለገበያም ሆነ፣ ከዚያ በምንም ምክንያት ለሩብ ሰዓት መውጣት ስፈልግ። አንዳንድ ቀን ቆልፌ የትም አልሄድም፤ ከግቢው ውጭ ቆሜ የጅቡቲ መኪኖች ሲያልፉ አያለሁ፣ ታርጋቸውን አነባለሁ፣ እመለሳለሁ። ጓጉንቸሩ ሲዘጋ ድምፁ ውስጥ ድረስ እንደሚሰማ አውቃለሁ። ስመለስ ሁልጊዜ ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። «የለም» ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥራው የመጣው ሰኔ ውስጥ ነው። የውጭ ዘጋቢ ፊልሞችን ወደ አማርኛ እያስተረጎመ ለቴሌቪዥን የሚያቀርብ ሰው ስልኬን ከአንዲት የቀድሞ ባልደረባዬ አግኝቶ ደወለ። ስለ እንስሳት ነው፣ ባዮሎጂ የሚያውቅ ተርጓሚ እፈልጋለሁ አለኝ። የትኛው እንስሳ እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። ቤት ተቀምጬ የምሠራው ነገር ማግኘቴ ብቻ በቂ ነበር።

ፊልሙ በሩቅ ሰሜን በበረዷማ ባሕር ስለሚኖሩ፣ ክንፍ መሳይ እግር ስላላቸው ጡት አጥቢዎች ነበር። ምድር እየሞቀች ስትሄድ ቁጥራቸውና የሚወልዱበት ቦታ እንዴት እንደሚለወጥ ይተርካል። ስለ ጡት አጥቢዎች ለዓመታት አስተምሬያለሁ፤ ያስተማርኩት ግን በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ስጽፍ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። ስማቸው ማን ይባል? የእንግሊዝኛውን በፊደላችን ብጽፈው «ሲል» ይሆናል። «ሲል በረዶ ላይ ይወልዳል» ብዬ ጽፌ ሳነበው ማን ምን ሲል እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ታየኝ። «የባሕር ውሻ» አልኩ። እሱም ለውሻ የቀረበ አልሆነልኝም።

አባቴ አጠገቤ በትራስ ተደግፎ የላፕቶፑን መስኮት ያይ ነበር። እኔ ጮክ እያልኩ እሞክራለሁ። «የባሕር ውሻ። የባሕር ጥጃ። ሲል።»

«አቆስጣ» አለ አባቴ።

ዞር ብዬ አየሁት። ከጥር ወዲህ አዲስ ቃል ከአፉ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

«ምን አልክ አባዬ?»

«አቆስጣ» አለ፤ ግራ እጁን አንስቶ ከላይ እንደሚከድን ሰው ዘረጋት። «ቁርበት።»

አባቴ ባቡር ሥራ ከመግባቱ በፊት በልጅነቱ የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ውሃ ስጪኝ ማለት ያቃተው ሰው ጸሎት ሲጀምር ግን ቃል ሳይስት እስከ መጨረሻው እንደሚዘልቅ ከሆስፒታል ጀምሮ አይቻለሁ። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል ብሎኛል። አቆስጣንም እዚያው ከጥንቱ መዝገብ ነው ያወጣት። ቤተ ክርስቲያን ስለ ታቦቱ ድንኳን ሲነበብ ሰምቼው ነበር፤ ከላይ የሚደረበው የአቆስጣ ቁርበት ነው። ምን ዓይነት እንስሳ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። አሁን በላፕቶፑ መስኮት ላይ ነጭ ግልገሏን ታጠባለች።

ጻፍኩት። ከዚያ በኋላ ሥራው ሄደልኝ።

ከአቆስጣዎቹ አንዱ ዓይነት የሚወልደው ባሕር ላይ በሚንሳፈፍ በረዶ ነው። ግልገሉ ነጭ ጸጉር ለብሶ ይወለዳል፤ ገና ዋናተኛ አይደለም። እናቱ ሁለት ሳምንት ላልሞላ ጊዜ ወፍራም ወተቷን ታጠባውና ጥላው ትሄዳለች። እሱ ነጭ ጸጉሩ እስኪረግፍና መዋኘት እስኪለምድ ለሳምንታት ብቻውን በረዶው ላይ ይቆያል። በሞቃት ዓመት በረዶው ዘግይቶ ይረጋል፣ ይሳሳል፣ ያለጊዜው ይሰበራል፤ ግልገሎቹ ሳይጠነክሩ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ሌላው ዓይነት ከሰማይ ወርዶ በበረዶው ላይ ከተከመረው አመዳይ ውስጥ ዋሻ ፈልፍሎ ይወልዳል። በሰሜኑ ክረምት ማብቂያ፣ አመዳይ መጣል በነበረበት ጊዜ ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው ይደረመሳል፤ ግልገሉ ለብርድና ለድብ ይጋለጣል። አንዳንዶቹ እናቶች ጠንካራ በረዶ ፍለጋ ወደ ሰሜን ይርቃሉ። ባሕር ዳር አሸዋ ላይ መውለድ የሚሆንለት ግራጫው ዓይነት ደግሞ በረዶ ወደለቀቃቸው ዳርቻዎች እየተስፋፋ ነው። የሚጠፋም አለ፣ የሚበዛም አለ።

የመጀመሪያውን ክፍል ልኬለት አዘጋጁ ደወለ።

«የመራቢያ ክልላቸው እየጠበበ ነው ብለሻል» አለኝ።

«አዎ።»

«ክልል አትበይ። ሰው ሌላ ነገር ያስባል።»

«የመውለጃ ስፍራ ልበለው?»

«እሱ ጥሩ ነው። አመዳይ የምትይውንስ ማን ያውቀዋል? በረዶ በይ።»

«በረዶ እዚህ አገር ጤፍ የሚያረግፈው ነው። ባሕሩ ላይ የረጋውም በረዶ ከሆነ፣ ከሰማይ የወረደውም በረዶ ከሆነ፣ ግልገሉ የቱ ውስጥ እንዳለ አይገባም።»

ትንሽ አሰበና ተወልኝ። እንዲህ ባለ ነገር ከሰው ጋር መከራከሬ ቀኑን ሙሉ ደስ አሰኝቶኝ ዋለ።

አባቴ ግን ፊልሙን እንደ እኔ አላየውም። እናቲቱ ወደ ውሃው ተንሸራታ የምትሄድበት ቦታ አለ። የተራኪው ዓረፍተ ነገር ከምስሉ ጋር እኩል እንዲያልቅ ያንን ቦታ እየመለስኩ ደጋግሜ ማየት ነበረብኝ። በሄደች ቁጥር አባቴ «የለም» ይላል። እመልሳታለሁ፣ ትሄዳለች፣ «የለም» ይላል። ስድስተኛው ላይ «ፊልም እኮ ነው አባዬ፣ ዝም በል» አልኩትና ላፕቶፑን ዘጋሁት። ቀስ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይቅርታ አላልኩም። ደክሞኝ ነበር፤ ድካሜም በእሱ ላይ ብቻ ነበር መውጫ ያገኘው።

በሐምሌ መጨረሻ አዘጋጁ ድምፅ ሲቀረጽ እንድገኝ ጠራኝ። ተራኪው ቃላቱን እንዳያበላሽ አጠገቡ ሆኜ እንድከታተል ፈለገ። ስቱዲዮው መስቀል አደባባይ አካባቢ ነው። ከቃሊቲ መሄጃው፣ ሥራው፣ መመለሻው ሲደመር ግማሽ ቀን ይሆናል። ለእትዬ መንገር ነበረብኝ። ስለ ጓጉንቸሩ ሁለት ጊዜ ተቆጥተውኝ ነበርና አልነገርኳቸውም። አባቴን ቀደም አድርጌ ምሳ አበላሁት፣ አገላበጥኩት፣ ውሃ በግራ እጁ በኩል አስቀመጥኩለት። «ቶሎ እመጣለሁ» አልኩት። «እሺ» አለኝ። ቆለፍኩ።

ባቡር ይዤ ሄድኩ። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ሰው ተመለከትኩ። ሰው ሁሉ ወደፈለገበት የሚሄድ ይመስል ነበር። ቀረጻው ከጠበቅነው ፈጥኖ አለቀ። አዘጋጁ ማኪያቶ ጋበዘኝ፤ አልተቻኮልኩም። ስለ ቀጣዩ ፊልም እያወራን አንዱ ማኪያቶ ሁለት ሆነ። ዝናቡ የጀመረው ያኔ ነው። ካፌው ውስጥ ሆኜ በመስታወቱ ሲወርድ እያየሁ ያምራል ብዬ አሰብኩ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ስወጣ ለባቡሩ የተሰለፈው ሰው ብዙ ስለነበር ሚኒባስ ያዝኩ። ሳሪስ ስንደርስ መኪናው ቆመ። ከፊታችን አስፋልቱ ወንዝ ሆኗል፤ ጎርፉ የመኪና ጎማ እየዋጠ ነው። ረዳቱ በሩን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው። ሰፈራችን ውስጥ የመንገዱ ቦይ ሲሞላ ውሃው ወደየት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ቤታችን ከመንገዱ ዝቅ ይላል። ከሁለት ክረምት ወዲህ ዝናቡ ባንድ ጊዜ ይወርድና ደጃፋችን ድረስ ይመጣ ጀምሯል።

እትዬ ጋ ደወልኩ።

«እትዬ፣ እባክዎ ቤት ደርሰው ይዩልኝ።»

«ምነው፣ የት ነሽ?»

«ሳሪስ። መንገዱ ተዘግቷል።»

«ጋሼስ?»

«ውስጥ ነው።»

«ከማን ጋር?»

ቦርሳዬን ከፍቼ ቁልፉን አወጣሁ።

«ቁልፉስ?»

«እኔ ጋ ነው።»

ስልኩ ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲመታ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ «እሺ» አሉና ዘጉት።

ከሚኒባሱ ወርጄ በእግሬ ጀመርኩ። ውሃው አንዳንድ ቦታ እስከ ጉልበቴ ነበር። በቀረው መንገድ ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም፤ ቁልፉን መዳፌ ውስጥ ጨብጬው እንደነበር ግን ሰንበሩ ሁለት ቀን ቆይቶ አሳወቀኝ።

ቤት የሆነውን እትዬ ናቸው በኋላ የነገሩኝ። ኪዮስኩን እንዳለ ትተው ሲደርሱ ውሃው በበሩ ሥር እየገባ ነው። በመስኮቱ ሲያዩ አባቴ ከአልጋው ለመውረድ ሞክሮ ወድቋል። በቀኝ ጎኑ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ውሃው ጆሮው ዘንድ ደርሷል። መስታወቱን በድንጋይ ሰበሩት። ፌሮው ግን ክንድ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፣ ክንዳቸውም አልደረሰም። ደጅ ላይ የተውኩትን የመወልወያ እንጨት አንስተው በፌሮው መካከል አስገቡለት።

«ጋሼ፣ ይህን ይያዙ» አሉት።

በግራ እጁ ያዘ።

«ቀና ይበሉ። አይልቀቁኝ።»

«እሺ» አለ።

እሳቸው ከውጭ በሁለት እጃቸው ይጎትታሉ፣ እሱ ከውስጥ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ ደረቱን ከውሃው ያወጣል። እየጮኹ ሰው ይጣራሉ፤ ዝናቡ ድምፃቸውን ይውጠዋል። እጁ እየላላ ሲሄድ እንዳይተኛ ብለው የዘወትር ጸሎት ጀመሩለት። ተቀበላቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብረው አደረሱት፤ ሲጨርሱ እንደገና ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጋራዥ ሁለት ሰዎች ሰምተው መጡና ጓጉንቸሩን በረጅም ብረት ፈልቅቀው በሩን ከፈቱት።

እኔ ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ቤቱ ጭቃ ነው። አባቴ እትዬ ቤት ሶፋ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። ተንበርክኬ እጁን ያዝኩት። አየኝና ዓይኑን መለሰ። እጁን አልነጠቀኝም፤ ግን የሞተ ነገር እንደያዝኩ ነበር።

እትዬ ከጓዳ ሻይ ይዘው መጡ። እኔ መሬት ላይ ነኝ።

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

«ይቆጡኛል ብዬ ነው።»

«እቆጣ ነበር» አሉ። «ተቆጥቼ ስጨርስ ደግሞ እቀመጥልሽ ነበር።»

አባቴ ሦስት ቀን ከእኔ እጅ አልበላም። እትዬ ሲያጎርሱት ይውጣል፤ እኔ ማንኪያውን ስይዝ አፉን ይገጥማል። በአራተኛው ቀን እህቴ ከአዳማ መጣች። አባቴ ሲያያት አለቀሰ። እኔ ሻይ እያፈላሁ አጎረሰችው።

ከሰዓት በኋላ «እኔ ጋ ልውሰደው» አለች። ይህንን ቃል ለስድስት ወር ጠብቄዋለሁ። ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ የአባቴን ሸሚዞች ማጣጠፍ ጀምሬ እንደነበር ያስተዋልኩት እጄን ስታይ ነው።

«አባዬ፣ አዳማ እንሂድ? ሙቀቱ ለእግርህ ይሻልሃል» አለችው።

«የለም።»

«ልጆቹ ናፍቀውሃል እኮ።»

«የለም» አለና የአልጋውን ብረት በግራ እጁ ያዘ። ጣቶቹ እስኪነጡ ድረስ ነው የያዘው። ከዚያ በላይ አልጠየቅነውም። ሸሚዞቹን ወደ ቁም ሳጥኑ መለስኩ። ሳጥኑ ውስጥ የምገባው እኔ የሆንኩ ያህል ተሰማኝ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ እንዲህ በማሰቤ አፈርኩ።

ግቢ ወጥተን ጭቃ የነካውን ፍራሽ እያጠብን ነገርኳት። «በየቀኑ ነበር የምቆልፍበት።»

«አውቃለሁ» አለች። «እትዬ በግንቦት ነግረውኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ብሩሹን አስቀመጠች። «ከተናገርኩ፣ ነይና አንቺ ጠብቂው ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ሁለታችንም ፍራሹን ማሸት ቀጠልን። አልተጣላንም። እንዲህ ያለውን ነገር ከተናገረችኝ በኋላ እንዲያውም ከእሷ ጋር መቀመጥ ቀለለኝ።

እህቴ ፈቃድ ሞልታ እስከ ጳጉሜ ቆየች። በዚያ መካከል አንድ ጠዋት፣ ገና ከእንቅልፏ ሳትነሳ፣ አጥሚቱን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ እሷን ፈልጎ ወደ በሩ አየ። ጠበቀ። ራበው መሰለኝ፣ አፉን ከፈተልኝ። ይቅርታ ይሁን ረሃብ አላውቅም። ሳህኑን ጨረሰ።

ከዚያ አቃቂ፣ በሰቃ ሰፈር ሄጄ አንድ በያጅ አመጣሁ። የአንዱን መስኮት ፌሮ ቆርጦ ከውስጥም ከውጭም የሚከፈት አደረገው፤ ከበሩ ላይ የጓጉንቸሩን ማንጠልጠያ አነሳው። አባቴ ወንበር ላይ ሆኖ ብየዳውን ሲያይ ዋለ። አንድ ቦታ ላይ በጣቱ እያመለከተ «የለም» አለ። በያጁ ተመልሶ ሲያየው መጋጠሚያው ዘምሞ ነበር።

ፊልሙ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተላለፈ። እህቴ፣ እትዬ፣ አባቴና እኔ ተቀምጠን አየነው። እናቲቱ ግልገሏን ትታ ስትሄድ አባቴን ሰርቄ አየሁት፤ እንቅልፍ ወስዶታል። እትዬ ናቸው ከንፈራቸውን የመጠጡት።

«መሬቱ ከከዳት ምን ታድርግ» አሉ። «እኛስ ዘንድ ዝናቡ ልኩን መች ያውቃል።»

«መሬት አይደለም፣ በረዶ ነው» አልኳቸው።

«ለእሷ መሬቷ ነዋ» አሉኝ።

በመስከረም ትምህርት ቤቱ በሳምንት ሦስት ጠዋት እንዳስተምር ፈቀደልኝ። በእነዚያ ጠዋቶች አባቴን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ እትዬ ኪዮስክ እወስደዋለሁ። ጃንጥላው ሥር ተቀምጦ ለጥየቃ የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ይመለከታል። የለመዱት ሰዎች «እንደምን አደሩ አባባ» ይሉታል፤ «እሺ» ይላቸዋል። እህቴ በወር አንዴ ትመጣለች፤ ያልመጣችበትም ወር አለ።

ነጻ ወጣሁ አልልም። ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ሕዋስ እያስተማርኩ ዓይኔ ግድግዳው ሰዓት ላይ ነው፤ ሰማዩ ሲጠቁር ድምፄ ይለወጣል፣ ተማሪዎቼም ያውቁታል። ባልደረቦቼ ከደወል በኋላ ሻይ እንጠጣ ሲሉኝ አንዳንዴ እሺ ማለት ያምረኛል። እስካሁን አላልኩም። ጠመኔውን ከእጄ አራግፌ፣ ቦርሳዬን አንግቤ፣ በፋብሪካዎች አጥር ሥር ባለው አቋራጭ እየፈጠንኩ ወደ እትዬ ኪዮስክ እወርዳለሁ።